«አይታይም» የተባለው የትኛው ቫይረስ ነው?

«የእኔ እኮ አይታይም ተብሏል። ደግሞ ምን ልታይ ልሂድ?»

ይህን ያለችኝ ፍል ውሃ አካባቢ ከአንድ ሕንፃ ሥር ጀበና ቡና የምትሸጥ ወዳጄ ናት። እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን አላነሳም። ዕድሜዋ 47 ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት የጀመረችው በነፃ መሰጠት በጀመረበት ዓመት፣ በ1997 ዓ.ም፣ ሲሆን ከዚያ ወዲህ አቋርጣው አታውቅም። የመጨረሻው የቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለ የኤችአይቪ መጠን) ውጤቷ «አይታይም» ይላል፤ ቃሉን ስታወራው እንደ ማዕረግ ነው። ማዕረግም ነው። ነገር ግን ሲስተሯ የማህፀን በር ምርመራ እንድታደርግ የጻፈችላት ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ተጣጥፎ ሦስት ወር ሆኖታል።

ጥያቄዋን የስንፍና ጥያቄ አድርጌ አላየሁትም። እንዲያውም ከቋንቋችን የመጣ ይመስለኛል። እኛ አገር «ቫይረሱ» ከተባለ ኤችአይቪ ማለት ነው፤ ሌላ ቫይረስ ያለ አይመስልም። «ቫይረሱ አይታይም» የተባለች ሴት ነገሩ ሁሉ የተዘጋ ቢመስላት አይፈረድባትም። የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ግን ሌላ ቫይረስ ነው፤ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ ባጭሩ ኤችፒቪ። የሁለቱ ስም ለጆሮ ይቀራረባል፤ ጠባያቸው ግን አይገናኝም። (የእ.ኤ.አ. 2008 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ግማሹን ፓፒሎማ ቫይረስ የማህፀን በር ካንሰር እንደሚያመጣ ያረጋገጠው ጀርመናዊው ሐራልድ ሱር ሐውዘን ወሰደ፤ ሌላውን ግማሽ ኤችአይቪን ያገኙት ፈረንሳውያኑ ፍራንሷዝ ባሬ-ሲኑሲና ሉክ ሞንታኚዬ ተካፈሉት። ሁለቱ ቫይረሶች በአንድ መድረክ የተጠሩበት ቀን ብዬ አስታውሰዋለሁ።)

ስለ ኤችፒቪ መጀመሪያ መባል ያለበት፣ የማንንም ጠባይ የሚያሳይ ነገር አለመሆኑ ነው። የግብረ ሥጋ ግንኙነት የጀመረ ሰው አብዛኛው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያገኘዋል። ከ200 በላይ ዓይነት አለው፤ ካንሰር ሊያመጡ የሚችሉት 14 ያህሉ ናቸው። ከእነሱም 16 እና 18 የሚል ቁጥር የተሰጣቸው ሁለቱ ብቻ ከማህፀን በር ካንሰር 70 ከመቶ ያህሉን ያመጣሉ። የሚተላለፈው በቆዳ ለቆዳ ንክኪ ስለሆነ ኮንዶም ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አይከለክለውም። ደግነቱ ከአሥር ሴቶች ዘጠኙ ያህል በሁለት ዓመት ውስጥ ራሳቸው ያጠፉታል፤ መያዛቸውንም ሳያውቁ።

የሚያስቸግረው አንዷ ላይ የሚቀረው ነው። የማህፀን በር ጫፍ ላይ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት የሚገናኙበት ጠባብ ቀለበት አለ። ቫይረሱ እዚያ ላይ ዓይን በማያየው ጭረት ገብቶ የመጨረሻው የታችኛው ረድፍ ሕዋስ ውስጥ ይቀመጣል። ሕዋሱ አድጎ ወደ ላይ ሲወጣ አብሮት ይወጣል። አይገድለውም፣ አያቆስልም፣ ትኩሳት አያስነሳም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ደም ውስጥ አይዞርም። ለቫይራል ሎድ ከክንድ የሚቀዳው ደም ስለ ኤችፒቪ አንድም ቃል መናገር የማይችለው ለዚህ ነው። ወዳጄን ያስገረማት ይህኛው ነጥብ ነበር፤ «እኔ ደሜን ካዩ ሁሉን ያዩ ይመስለኝ ነበር» አለችኝ።

ቆይቶ የሚቀረው ቫይረስ ኢ6 እና ኢ7 የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች ያሠራል። እነዚህ ደግሞ ሕዋሱ ከልክ በላይ እንዳይባዛ የሚይዙትን ፍሬኖች ይነቅላሉ። ፍሬን የሌለው ሕዋስ ወዲያው ካንሰር አይሆንም። መጀመሪያ ቅርፁ ይለወጣል፤ ሐኪሞቹ ለውጡን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ደረጃ ቅድመ ካንሰር ይሉታል። ይህ መሰላል መውጫ ብቻ አይደለም፣ መውረጃም ነው፤ በተለይ አንደኛው ደረጃ ላይ ያለ ለውጥ ብዙ ጊዜ በራሱ ይመለሳል። የሰውነት መከላከያዋ ደህና በሆነ ሴት ላይ መሰላሉን እስከ ካንሰር ለመውጣት ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። መከላከያዋ በተዳከመና መድኃኒት ባልጀመረች ሴት ላይ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊበቃው ይችላል።

ልዩነቱን የሚያመጣው ሲዲፎር የሚባለው የሰውነት መከላከያ ሕዋስ ነው። ይህ ሕዋስ ራሱ ጠላት የሚገድል ሳይሆን ፊሽካ የሚነፋው የሰፈር ዘብ ነው፤ ሲነፋ ነው ሌሎቹ ዱላ ይዘው የሚወጡት። ኤችአይቪ የሚያጠቃው ይህንን ፊሽካ ነፊ ነው። ዘቡ ሲሳሳ በማህፀን በር ላይ ተደብቆ የኖረው ኤችፒቪ የሚጮህበት ያጣል፤ አዲስ የገባውም ይቆያል፤ አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ ሁለትና ሦስት ዓይነት ይዛ መገኘቷም የተለመደ ይሆናል። ውጤቱ በቁጥር ሲነገር ይከብዳል፦ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶች በማህፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ስድስት እጥፍ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1993 ጀምሮም የተስፋፋ የማህፀን በር ካንሰር ኤድስን ከሚያመለክቱ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ፦ መድኃኒቱስ? ዘቡን ከመለሰልን፣ ኤችፒቪንስ አያስወጣልንም?

ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚውጠው በአንድ ክኒን የታጨቁ ሦስት መድኃኒቶችን ነው፤ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር። ሦስቱም የሚሠሩት ኤችአይቪ ለመባዛት የግድ የሚያስፈልጉትን የራሱን መሣሪያዎች በመያዝ ነው። ኤችፒቪ እነዚያ መሣሪያዎች የሉትም፤ የሚባዛው በሴትየዋ ሕዋስ የገዛ ማባዣ ነው። ስለዚህ ክኒኑ ኤችፒቪን በቀጥታ አይነካውም። ጥቅም ካለው የሚመጣው በተዘዋዋሪ፣ በዘቡ በኩል ነው።

ጥቅም አለው ወይ በሚለው ላይ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ለዓመታት አልተስማሙም። ኢንተርኔት ላይ የሚፈልግ ሰው «መድኃኒቱ የማህፀን በርን ይጠብቃል» የሚል አንድ ገጽ፣ «ምንም ለውጥ አያመጣም» የሚል ሌላ ገጽ ያገኛል፤ ሁለቱም የፈጠራ ወሬ ላይሆኑ ይችላሉ። በቀድሞዎቹ ዓመታት መድኃኒት የሚጀመረው ሰው በጣም ሲታመም ነበር። ስለዚህ መድኃኒት የሚወስዱትን ከማይወስዱት ጋር ማወዳደር ማለት ብዙ የታመሙትን ብዙም ካልታመሙት ጋር ማወዳደር ነበር። ያን ጊዜ የተደረገ ጥናት መድኃኒቱ አልረዳም ቢል አይገርምም።

ነገሩን ያጠራው እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ኤችአይቪ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ትልቅ ግምገማ ነው፤ በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስቦ ቁጥራቸውን አንድ ላይ ያሰላ። ያገኘውን በእኛ አነጋገር ላስቀምጠው። መድኃኒት ላይ ያሉ ሴቶች ከፍተኛ ደረጃ ቅድመ ካንሰር አዲስ የሚወጣባቸው ዕድል 40 ከመቶ ገደማ ያነሰ ነው። ቀድሞ የነበረ ቁስለት (የተለወጠውን ሥፍራ እንዲህ ልበለው) ወደ ባሰ ደረጃ የመሄድ ዕድሉ በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። መሰላሉን ወደ ታች የመውረድ፣ ማለትም ሽሮ ወደ ደህናው የመመለስ ዕድሉ ደግሞ ከሌሎቹ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው። ካንሰሩ ራሱ 60 ከመቶ ያህል ቀንሶ ታይቷል። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ግን ከሦስት ጥናቶች ብቻ የተገኘና በሴቶቹ መካከል ያሉ ሌሎች ልዩነቶች ያልታሰቡበት ስለሆነ እንደ ደንብ ባይያዝ ይሻላል።

በዚያው ግምገማ ውስጥ እኔን ያቆመኝ ሌላ ቁጥር አለ። አደገኛው ኤችፒቪ ራሱ መድኃኒት በሚወስዱት ላይ የቀነሰው በጥቂቱ፣ 17 ከመቶ ገደማ፣ ነው። ቁስለቱ ብዙ ሲቀንስ ቫይረሱ ግን ያን ያህል አልቀነሰም ማለት ነው። ተከራዩ ቤቱን አልለቀቀም፤ ዐመሉን ነው ያሳመረው። የወዳጄ ጥያቄ መልስ ያለው እዚህ ቁጥር ውስጥ ይመስለኛል። መድኃኒቷ የኤችፒቪን ሥራ ያዘገያል፣ አንዳንዴም ያስመልሳል፤ ከማህፀን በሯ ላይ ለመውጣቱ ግን ዋስትና አይሰጣትም። «የማይታይ አይተላለፍም» የሚባለው ትልቅ የምሥራች እንኳ የኤችአይቪ ብቻ ነው፤ ኤችፒቪን አይመለከትም።

ጥቅሙ ለሁሉም እኩል አለመሆኑም መታወቅ አለበት። በደቡብ አፍሪካ ጆሃንስበርግና በቡርኪናፋሶ ዋጋዱጉ በ1,238 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ መድኃኒቱን ከሁለት ዓመት በላይ የወሰዱት አደገኛ ኤችፒቪ ይዘው የመገኘት ዕድላቸው በቅርብ ከጀመሩትና ጨርሶ ካልጀመሩት ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ጊዜ ይፈልጋል ማለት ነው፤ ያለማቋረጥ መውሰድም ይፈልጋል። ከዚያ የሚከብደው ደግሞ በደም ምርመራ የሚቆጠረው ሲዲፎር በሕይወቷ ሙሉ እስከ ስንት ወርዶ ነበር የሚለው ነው። ወዳጄ በጀመረችበት ዘመን በአብዛኛው መድኃኒት የሚሰጠው ሲዲፎር ከ200 በታች ሲወርድ ነበር፤ ከዚያ በላይ የሆነች ሴት «ገና ነሽ፣ ተመለሺ» ትባላለች። ጣሪያው በኋላ 350፣ ከዚያ 500 እየተባለ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት ማንም ሰው ቫይረሱ እንደተገኘበት ይጀምር አለ፤ ኢትዮጵያም ተከተለች። ስለዚህ ዛሬ መሀል ከተማ ባሉት የኤአርቲ (የኤችአይቪ መድኃኒት) ክሊኒኮች አግዳሚ ላይ የሚቀመጡ ሴቶች ሁለት ትውልድ ናቸው። ዘባቸው ሳይጎዳ የጀመሩ አሉ፤ ዘቡ ሊያልቅ ሲል የደረሱም አሉ። ለእነዚህ ለሁለተኞቹ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሊሆን ይችላል። መከላከያው ሲያገግም ቁስለቱ አስቀድሞ ሥር ሰዶ፣ ቫይረሱም ከሕዋሱ ዘር ጋር ተጋምዶ ይገኛል፤ የተመለሰው ዘብም እንደ ድሮው ሁሉንም ማዕዘን አያዳርስም። ሲዲፎሯ ዛሬ 700 የሆነ ሴት ያኔ 60 ነበረች ወይ የሚለውን ፋይሏ ብቻ ነው የሚያስታውሰው።

ሌላም ብዙ የማይነገር ነገር አለ። መድኃኒቱ ዕድሜ ይሰጣል። ዕድሜ ደግሞ ለዘገምተኛ በሽታ ይመቸዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኤድስ የሞቱ እናቶች ብዙዎቹ ለማህፀን በር ካንሰር የሚያደርስ ዕድሜ አላገኙም። ዛሬ 20 ዓመት በመድኃኒት የኖረች ሴት አግኝታለች፤ ምርመራው ለእሷ ከማንም በላይ የሚያስፈልጋትም ስለዚህ ነው።

ምርመራው ራሱ ከሚፈራው በታች ነው። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የሚሠራው የኮምጣጤው ነው፤ ሴቶቹም እንዲሁ ነው የሚጠሩት። አልጋ ላይ ተኝተሽ ስፔኩለም የሚባለው መክፈቻ ይገባል፤ የማህፀን በር ጫፍ ከ3 እስከ 5 ከመቶ በሆነ አሴቲክ አሲድ ይቀባል፤ እሱ ማለት የወጥ ቤቱ ኮምጣጤ ዘመድ ነው። ከአንድ ደቂቃ በላይ ይጠበቃል። የተለወጠ ሥፍራ ካለ ነጭ ሆኖ ይወጣል። በባዶ ዓይን ስለሚታይ እዚያው መልስ ይሰጣል፤ ነጩም ትንሽ ከሆነ እዚያው ቀን በማቀዝቀዝ (ክራዮቴራፒ) ወይም በማሞቅ (ተርማል አብሌሽን) ይወገዳል። ማሞቁ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ነው። ማህፀን የሚያወጣ ምንም ነገር የለም፤ ይህን የምደግመው «ገብተሽ ማህፀንሽን ትተሽ ትወጫለሽ» የሚለው ወሬ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ስለሚዞር ነው። ሰፋ ያለ ቁስለት ሲገኝ ሊፕ በሚባል በኤሌክትሪክ በሚቆርጥ ቀጭን ሽቦ ይነሳል።

የኮምጣጤው ድካም በሚያየው ሰው ዓይን ላይ መመሥረቱ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ያ ቀለበት ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ ለማየት ያስቸግራል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የሚያስቀድመው የኤችፒቪን ዘረ መል የሚፈልገውን የላብራቶሪ ምርመራ ነው። ለዚህ ናሙናውን ሴትየዋ ራሷ ከመጋረጃ ኋላ በጥጥ መውሰድ ትችላለች፤ ለሚያፍሩ ትልቅ ነገር ነው። ኤችአይቪ ያለባት ሴት ከ25 ዓመቷ ትጀምር ይላል መመሪያው፤ ሌሎቹ ከ30። በዘረ መሉ ምርመራ ከሆነ በየ3 እስከ 5 ዓመት፣ በኮምጣጤ ከሆነ በየ3 ዓመት ትደግም። ኤችአይቪ ባለባት ሴት ላይ ኤችፒቪ ከተገኘም ወዲያው ወደ ሕክምና አይኬድም፤ ብዙዎቹ ቫይረሱን እንጂ ቁስለቱን ስለማይዙ ሁለተኛ ምርመራ ይደረጋል። ከግንኙነት በኋላ ወይም ከወር አበባ ውጪ የሚደማት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ያየች ሴት ግን የዓመት ቆጠራውን ትታ ነገ ትሂድ፤ ያ ማጣሪያ ሳይሆን ሕክምና ነው።

አገራችን ለዚህ እንግዳ አይደለችም። አዲስ ተስፋ በተባለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2014 ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በኮምጣጤው ታይተው ነበር፤ ከአሥሩ አንዷ ላይ ነጭ ነገር ተገኘ፤ በዚያው ቀን መታከም ከሚችሉት ውስጥም አብዛኞቹ በዚያው ቀን ታከሙ። ያን ዕድል ያመለጣት ሴት በኋላ የምትሄድበት መንገድ ረጅም ነው። በካንሰር ደረጃ ከተገኘ ጨረር ያስፈልጋል፤ ለጨረር ደግሞ ለብዙ ዓመታት አገሩ ሁሉ የሚጎርፈው ወደ አንድ ጥቁር አንበሳ ነበር።

እንዴት ያመልጣል? እዚህ ላይ የራሴ ግምት አለኝ። መድኃኒታቸውን በደንብ የሚወስዱ ሰዎች አሁን የስድስት ወር አንድ ላይ ይሰጣቸዋል። በየወሩ ከመመላለስ ያዳናቸው መልካም ነገር ነው። ግን ወዳጄ ክሊኒክ የምትረግጠው በዓመት ሁለት ቀን ነው፤ እሱንም ደንበኛ እንዳይሄድባት እየተጣደፈች። ከሁሉ ጎበዝ የሆነችዋ ታካሚ ከሁሉ ጥቂት ጊዜ የምትታየው ሆነች። በዚያ ላይ በቅርብ ዓመታት ከፒያሳና ከካዛንቺስ ስንቱ ሰው ወደ ዳር ተዛውሯል፤ ክሊኒክ የሚቀይር ሰው መድኃኒቱን ያዛውራል፣ የማህፀን በር ቀጠሮውን ግን ማን ያስታውሳል? የምርመራ ውጤቱን ከነቀኑ በስልክ ፎቶ አንስቶ መያዝ ምንም አይፈጅም።

የታከመች ሴትም አልጨረሰችም። ኤችአይቪ ባለባቸው ላይ ቁስለቱ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ከፍ ስለሚል በዓመቱ፣ ከዚያም በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ትታያለች። ከሕክምናው በኋላ ለሳምንታት ውሃ መሰል ፈሳሽ ይኖራል፤ ለአራት ሳምንት ያህል ከግንኙነት መቆጠብ፣ ካልተቻለ ያለ ኮንዶም አለመሆን ነው።

ይህን ሁሉ በሁለት ስኒ ቡና መሀል ስነግራት ወዳጄ የጠየቀችኝ ስለ ራሷ አልነበረም። «ልጄስ?» አለች። ልጅቷ 12 ዓመቷ ነው፤ ከቫይረሱ ነፃ ሆና ነው የተወለደችው። «ከየትኛው ቫይረስ?» ብላ ራሷው ሳቀች። ለልጅቷ ክትባት አለላት። ኢትዮጵያ የኤችፒቪ ክትባትን በ2011 ዓ.ም በ14 ዓመት ልጃገረዶች ጀምራለች፤ በኋላም ከ9 እስከ 14 ላሉት ተሰጥቷል። ለእሷ አንድ ጊዜ መወጋት ይበቃታል፤ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ልጃገረዶች ግን ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ጊዜ እንዲወስዱ ይመከራል። ክትባቱ ገና ያልገባውን ይከለክላል እንጂ የገባውን አያስወጣም፤ እናትየዋን ወደ ምርመራው የሚመልሳት ይኸው ነው።

ወረቀቱን አውጥታ አቃናችው። መቼ እንደሚያልቅላት፣ ረከቦቱን ማን እንደሚጠብቅላት አሰበች። ማክሰኞ ጠዋት እኔ እቀመጣለሁ አልኳት። ቡና እንደማላፈላ ስለምታውቅ ብዙም አላስደሰታትም።